ለበረሃ ፀሐይ የሚሆን የውጭ ግድግዳ ቀለም አመራረጥ

ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ የቀለም መደብር ቀለም እየበጠበጥኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። በዚህች ከተማ የሀገሬ ሰው ብዙ ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ካዚኖ ውስጥ የሚሠራው፣ ሆስፒታል ሌሊቱን የሚያድረው፣ ሁሉም ለፍቶ ቤት ይገዛል። ዓመታት ሲያልፉ የቤቱ የውጭ ግድግዳ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከግርጌው ይላላጣል፤ ያን ጊዜ ወደ እኛ ይመጣል። ከበሩ እንደ ገባ የሚያመራውም በቀጥታ የቀለም ካርዶች ወደ ተደረደሩበት ጥግ ነው። እኔ ግን ካርዱን ተቀብዬ ወደ ጎን አደርገውና "መጀመሪያ ስለ ግድግዳው ይንገሩኝ" እላለሁ።

ይህን የምለው የውጭ ቀለም ከሁለት አቅጣጫ ስለሚጠቃ ነው። ከፊት ፀሐይ ታነጣዋለች፤ ከኋላ ደግሞ ግድግዳው ራሱ በእርጥበትና በጨው ይገፋዋል። የፊቱን ጥቃት የምንመክተው ለቀለሙ መልኩን የሚሰጠውን ትክክለኛ ማቅለሚያ በመምረጥ ነው። የኋላውን የምንመክተው ግድግዳውን መርምረን በማዘጋጀት ነው። ከመደርደሪያው ላይ ውዱን ባልዲ አንስቶ መሄድ ለሁለቱም መልስ አይሆንም። ሰው ብዙ ሺህ ዶላር አውጥቶ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ሲቀባ ማየት ስለሚያሳዝነኝ፣ በባንኮኒው ላይ በጥድፊያ የምናገረውን እዚህ ተረጋግቼ ልጻፈው።

ስለ አየሩ ጥቂት ልበል። ላስ ቬጋስ በዓመት የሚጥልላት ዝናብ በአማካይ 4 ኢንች፣ ማለትም 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 2024 የአየሩ ሙቀት 120 ዲግሪ ፋራናይት ደርሶ የከተማዋ ከፍተኛው ሆኖ ተመዝግቧል፤ በሴልሺየስ 48.9 መሆኑ ነው። ይህ የጥላ ሙቀት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት የምታገኘው የምዕራቡ ግድግዳ፣ በተለይ ጠቆር ያለ ከሆነ፣ ከአየሩ እጅግ የበለጠ ይግላል። ሌሊት ይበርዳል፣ ቀን እንደገና ይግላል። በዚህ መሳብና መኮማተር የሲሚንቶው ልስን ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል። ከዚያ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ማዕበል ያዘለው ዝናብ በነፋስ ተገፍቶ ወደ ጎን ሲዘንብ ውኃው በእነዚያ ስንጥቆች ይገባል። ደረቅ አገር ነው ብሎ ውኃን መርሳት እዚህ ከማያቸው ስሕተቶች ሁሉ ትልቁ ነው።

ግድግዳውን መመርመር

ማለዳ፣ ግድግዳው ሳይግል፣ ቤታችሁን አንድ ጊዜ ዙሩት። አራቱም ፊት አንድ ዓይነት ስላልሆነ አንዱን አይቶ ስለ ሌላው መፍረድ አይቻልም። የሰሜኑ ግድግዳ ቀለም ገና ጤነኛ ሆኖ የምዕራቡ ያለቀለት ሊሆን ይችላል።

መዳፋችሁን በግድግዳው ላይ ጫን አድርጋችሁ አንድ ክንድ ያህል ጎትቱና እዩት። እጃችሁ ላይ የግድግዳውን ቀለም የመሰለ ዱቄት ከቀረ፣ ቀለሙን አንድ ላይ ይዞ የነበረውን አጣባቂ ፀሐይ በልታዋለች፤ የቀረው ማቅለሚያ ብቻውን ተበትኖ ቆሟል ማለት ነው። በዚህ ዱቄት ላይ አዲስ ቀለም ብትቀቡ አዲሱ የሚይዘው ዱቄቱን እንጂ ግድግዳውን አይደለም፤ ስለዚህ አብሮ ይወርዳል። ቀጥሎ በተለያየ ቦታ ጥቂት ውኃ እርጩ። ውኃው ወዲያው ተመጦ ግድግዳው ከጠቆረ ልስኑ ጠምቶታል፤ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን የመጀመሪያ ሽፋን፣ ሳይጠጣ ቀለም አይቀበልም። ውኃው ተንጠባጥቦ ከወረደ አሮጌው ቀለም ገና አልሞተም። የላላ የሚመስል ቦታ ካለ ጠንካራ ፕላስተር (ቴፕ) በደንብ ለጥፋችሁ በአንድ ጊዜ ንቀሉት፤ ይዞት የሚመጣውን ታያላችሁ። ግድግዳውን በጣታችሁ አንጓ ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካገኛችሁ ልስኑ ከጀርባው ለቅቋል፤ እሱ የቀለም ሳይሆን የለሳኝ ሥራ ነው።

አሁን ጎንበስ በሉ። በግድግዳው ግርጌ፣ ልስኑ የሚያልቅበት ላይ ቀዳዳ ያለው ወይም ወደ ውጭ ዘንበል ያለ ቀጭን የብረት ጠርዝ ታያላችሁ። ከልስኑ ጀርባ የገባ ውኃ የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። በግንባታ ደንቡ ይህ ጠርዝ ከአፈር ቢያንስ 4 ኢንች፣ ከሲሚንቶ ወለል ቢያንስ 2 ኢንች ከፍ ማለት አለበት። ብዙ ሰው ግን ግቢውን በጠጠር ሲያስውብ ጠጠሩን እስከ ልስኑ ድረስ ይከምረዋል። ሌላው ደግሞ ስንጥቅ መስሎት በማሸጊያ ይደፍነዋል፤ ቀቢውም ወፍራም ቀለም ያለብሰዋል። መውጫ ያጣ ውኃ ቀለሙን እየገፋ ይወጣል። ጠጠሩን ዝቅ አድርጉ፤ ጠርዙን ክፍት ተዉት። ምንም ወጪ የሌለው ሥራ ነው፤ ከማንኛውም ውድ ቀለም የበለጠ ይጠቅማል።

አንድ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አባት መጥተው "ልጄ፣ ከሁሉም ውዱን ስጪኝ፤ ሁለተኛ መቀባት አልፈልግም" አሉኝ።

"ጋሼ፣ የተላላጠው ከላይ ነው ከታች?" አልኳቸው።

"ከታች ነው። አበባው ባለበት በኩል።"

"አበባውን የሚያጠጣው የሚረጭ ቧንቧ ግድግዳውን ያገኘዋል?"

ጥቂት አሰቡና ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩኝ። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ የጨው መስመር ጥርት ብሎ ይታያል። የከተማው ውኃ 90 በመቶ ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ የሚመጣ ነው፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ከባድ ውኃ ነው። በየማለዳው ግድግዳ ላይ ሲረጭ ውኃው ይተንናል፣ ማዕድኑ ይቀራል። ልስኑ ውስጥ የሰረገው ደግሞ የሲሚንቶውን ጨው አሟሙቶ ወደ ውጭ ይዞት ይወጣና ከቀለሙ ሥር ይደርቃል። ጨው ሲደርቅ ስለሚያብጥ ቀለሙን እየፈነቀለ ይጥለዋል። በዚያ ቀን ለእኒያ አባት የሸጥኩላቸው አንድ ጠንካራ የሽቦ ያልሆነ ብሩሽ ብቻ ነበር። የቧንቧውን አፍ ወደ አበባው እንዲያዞሩ፣ ጨውን በደረቁ ቦርሸው እንዲያነሡ፣ ግድግዳው ጥቂት ሳምንት እንዲደርቅ እንዲተዉትና ከዚያ እንዲመለሱ ነገርኳቸው። ጨውን መጀመሪያ በውኃ ማጠብ ተገቢ አይደለም፤ ይሟሟና ተመልሶ ወደ ልስኑ ይገባል። በደረቁ ከተቦረሸ በኋላ የሚቀረውን ግትር ቅሪት በውኃ በቀጠነ ኮምጣጤ አስለቅቆ በጥቂት ውኃ ማለቅለቅ ይቻላል።

የግቢው አጥር ከብሎኬት የተሠራና በአንድ ወገን አፈር የተደገፈ ከሆነ ይኸው ችግር እጥፍ ነው። በበኩሌ እንዲህ ያለውን አጥር ጨርሶ አለመቀባትን እመክራለሁ። የአፈሩ እርጥበት ሁልጊዜ በብሎኬቱ አልፎ ወደ ደረቁ ወገን ስለሚወጣ ቀለም አይቆይበትም።

ስንጥቆቹን በተመለከተ፣ ፀጉር የሚያህሉትን ጥሩ ፕራይመርና ቀለም ይሸፍናቸዋል። ሳንቲም ጠርዙ የሚገባበት ከሆነ አክሪሊክ ከሚባለው ፕላስቲክ ነክ አጣባቂ በተሠራ መሙያ ተሞልቶ የግድግዳውን ሸካራነት እንዲመስል በእርጥብ ስፖንጅ ነካ ነካ መደረግ አለበት። ንጹህ ሲሊኮን እንዳትጠቀሙ፤ ቀለም አይዝበትም። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ በየዓመቱ የሚሰፋ ስንጥቅ ካለ ግን ከቀለም በፊት የግንባታ ባለሙያ ይየው። ቤታችሁ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር አይፋቅ።

ፕራይመር

አዲስ ልስን ኃይለኛ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው። የአልካሊነት መለኪያው፣ ፒኤች የሚባለው፣ 12 እና 13 ይደርሳል። ቀለሙን ሳይውል ሳያድር ያቃጥለዋል፤ አንዱ ቦታ ይነጣል፣ ሌላው ይጠቁራል፣ አንዳንዱም ይጣበቃል። ስለዚህ አዲስ ልስን 28 ቀን ያህል ሊቆይ ይገባል። ቀኑን መጠበቅ ለማይችል ሰው አልካሊን የሚቋቋም የግንብ ፕራይመር አለ፤ አንዳንዱ ከሳምንት በኋላ ጀምሮ መቀባት እንደሚቻል ጣሳው ላይ ይጽፋል። ቁጥሩን አንብቡ። እስከ ፒኤች 13 ይቋቋማል የሚለውን እንጂ ዝም ብሎ "ለውጭ ይሆናል" የሚለውን አትውሰዱ። መጠገኛ የተደረገበት ቦታም አዲስ ልስን መሆኑን አትርሱ፤ ግድግዳው አሮጌ ቢሆንም ጥገናው ብቻውን ይህን ፕራይመር ይፈልጋል።

ዱቄት ለሚያወጣ ግድግዳ የሚሆነው ፕራይመር ሌላ ነው። ቀጠን ያለ፣ ወደ ውስጥ ሰርጎ የተበተነውን ዱቄት የሚያያይዝ ያስፈልገዋል። ከእሱ በፊት ግን መታጠብ አለበት። የግፊት ማጠቢያ ማሽን ስትጠቀሙ አፉን ሰፊ፣ ግፊቱን ዝቅተኛ አድርጉት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ እዚህ ከተማ ከተሠሩት ቤቶች ብዙዎቹ ልስናቸው ስስ ነው፤ ከሥሩ የሽቦ መረብና የፎም ሰሌዳ አለ። ኃይለኛ ውኃ ልስኑን ይቦረቡረዋል፣ ወደ ፎሙም ይገባል።

የቀለሙ ዓይነት

ለአብዛኛው የላስ ቬጋስ ቤት መልሱ አንድ ነው፤ መቶ በመቶ አክሪሊክ የሆነ፣ በውኃ የሚበጠበጥ የውጭ ቀለም። "አክሪሊክ" የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ቪኒል የተቀላቀለበት ርካሹ ቀለምም ስሙ ላይ አክሪሊክ የሚል አለበት። ፀሐይን የሚችለው ግን መቶ በመቶ የሆነው ነው፤ የፀሐይዋ ጨረር አጣባቂውን ቶሎ አይሰብረውም፣ እርጥበትንም በትነት መልክ ያሳልፋል። የዘይት ቀለም ለብረት በርና ለአጥር ብረት እንጂ ለሲሚንቶ አይሆንም። የሲሚንቶው አልካሊ ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል፤ ቀለሙ ለስልሶ ይላቀቃል።

ኤላስቶመሪክ ስለሚባለው እንደ ጎማ የሚሳሳብ ወፍራም ቀለም በየሳምንቱ ስለምጠየቅ እዚህ ላይ ልቆይ። ሻጮች "ለበረሃ የተሠራ" ይሉታል። እውነት ነው፣ ጥቃቅን ስንጥቆችን ይደፍናል፤ ግድግዳው ሲሰፋና ሲጠብ አብሮት ይሳባል። ሸካራ ግድግዳ ላይ አንድ ጋሎኑ 100 ካሬ ጫማ ቢሸፍን ነው፤ ስለዚህ ወጪው ከመደበኛው ቀለም ብዙ ይበልጣል። ዋናው ጉዳይ ግን ወጪው አይደለም። ዝናብ እንዳያስገባ ሆኖ የተሠራ ወፍራም ሽፋን ስለሆነ ከጣሪያ ጠርዝ፣ ከመስኮት ጥግ ወይም ከግርጌ የገባ ውኃ ሲኖር ትነቱን እንደ መደበኛው ቀለም በቀላሉ አያሳልፍም። ያን ጊዜ ግድግዳው ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ታያላችሁ። በተጨማሪ አንዳንዶቹ ዓይነቶች ሲግሉ ለስለስ ስለሚሉ የፀደይ ነፋስ የሚያመጣውን አቧራ ይይዛሉ። አንዴ ከተቀባም በኋላ መፋቁ ከባድ ስለሆነ ወደ ሌላ ዓይነት መመለሱ አያስደስትም። የኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ሙሉው ግድግዳ በጥቃቅን ስንጥቆች እንደ ሸረሪት ድር ከተሸፈነ፣ ውኃ የሚገባበትም ቦታ ሁሉ ከተስተካከለ ይቀባ። ስንጥቁ እዚህም እዚያም ጥቂት ከሆነ እነሱን ብቻ በኤላስቶመሪክ መሙያ ጠግኖ ቤቱን በጥሩ አክሪሊክ መቀባት ይሻላል።

ድሬዳዋ ያደግን ሰዎች ኖራ እንጠይቃለን። ኖራ ግድግዳ ያስተነፍሳል፤ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ኖራ የሚጠነክረው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ለቀናት እርጥበት ያስፈልገዋል። የሞሃቬ በረሃ አየር በደቂቃዎች ውስጥ ያደርቀውና ልብስ የሚያነጣ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ከመቀባቱ በፊትና በኋላ ግድግዳውን በጭጋግ መልክ በውኃ እየረጨ፣ በጥላ ሰዓት፣ በስሱ ደጋግሞ የሚቀባ ትዕግሥተኛ ሰው ይሳካለታል። አሮጌ ፕላስቲክ ቀለም ያለበት ግድግዳ ላይ ግን ኖራ አይሞከርም። ከኖራ ጋር የሚዛመድ ሌላ ቀለም አለ፤ የሲሊኬት ቀለም ይባላል። አዶልፍ ቪልሄልም ካይም የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1878 የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። ከሲሚንቶው ጋር በኬሚካል ተዋሕዶ አንድ አካል ስለሚሆን አይላላጥም፤ ማቅለሚያዎቹም ማዕድን ስለሆኑ ፀሐይ አታነጣቸውም። ቀለም ነክቶት የማያውቅ አዲስ ልስን ያለው ሰውና አቅሙ የሚፈቅድለት ቢያስብበት እወዳለሁ። በአሮጌ አክሪሊክ ላይ በቀጥታ አይያዝም።

አንጸባራቂነቱን በተመለከተ፣ ለግድግዳ ደብዛዛውን ምረጡ። የልስኑን ጥገናና ወጣ ገባ ይደብቃል። አንጸባራቂ ቀለም ማታ ላይ ፀሐይ በጎን ስትመታው እያንዳንዱን ጉድለት ያሳያል።

ማቅለሚያውን ማንበብ

ብዙ ሰው የማያውቀውና እኔ በየቀኑ የማየው ነገር ይኸውላችሁ። ባልዲው ከፋብሪካ ሲመጣ በውስጡ ያለው ነጭ ወይም ጥርት ያለ መነሻ ነው፤ ቤዝ እንለዋለን። የምትመርጡት ቀለም የሚወጣው ማሽኑ ላይ ካሉት ደርዘን ገደማ ጣሳዎች ማቅለሚያ በጠብታ መጠን እየጨመርን ነው። ማሽኑ ሲያፈስ ቆማችሁ እዩት። ከአንዱ ጣሳ የሚወርደው ቢጫ ደብዝዞ እንደ ሸክላ አፈር ወፈር ያለ ነው፤ ከሌላው የሚወርደው ቢጫ ደግሞ ዐይን የሚወጋ ደማቅ ነው። ባልዲው ውስጥ ገብተው ሲበጠበጡ ሁለቱም ተመሳሳይ ክሬም ቀለም ሊሰጡ ይችላሉ። በመደብሩ መብራት ሥር ማንም አይለያቸውም። የምዕራቡ ግድግዳ ላይ ጥቂት ዓመት ከዋሉ በኋላ ግን ይለያያሉ።

አፈር የሚመስለው ቢጫ የብረት ኦክሳይድ ነው። ቀይ ኦክሳይድ፣ ቡናማው አምበር፣ ጥቁሩም የዚያው ዓይነት ጽናት አላቸው። ብረት አንዴ ዝጎ ጨርሷል፤ ፀሐይ ከዚያ በላይ ምንም አታደርገውም። በምድረ በዳው ድንጋይ ላይ የምናየው ቀይና ቢጫም እሱው ነው። ደማቁ ቢጫና ደማቁ ቀይ ግን ኦርጋኒክ ናቸው። የተሠሩበትን የካርቦን ትስስር ጨረሩ ይበጣጥሰዋል፤ በተለይ በጥቂቱ ገብተው ፈዛዛ ቀለም ሲሠራባቸው ቶሎ ይጠፋሉ። ክሬሙ ውስጥ የነበረው ቢጫ ሲጠፋ የቀረው ቀይና ጥቁር ብቻውን ይታያል፤ ቤቱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። "ቀለሙ ተቀየረብኝ" ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ የደረሰባቸው ይህ ነው።

ስለዚህ ባንኮኒው ጋ ስትደርሱ እንዲህ በሉ፦ "ከመበጥበጡ በፊት ቀመሩን ልየው።" ኮምፒውተሩ ላይ ወይም ክዳኑ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት የእያንዳንዱ ማቅለሚያ ምልክትና መጠን ተጽፏል። የትኛው ምልክት ኦክሳይድ፣ የትኛው ኦርጋኒክ እንደሆነ ጠይቁ። ከድርጅት ድርጅት ምልክቱ ስለሚለያይ መጠየቅ አያሳፍርም። ኦርጋኒክ ቢጫ ወይም ቀይ ካለበት "በኦክሳይድ ብቻ ሊወጣ ይችላል?" በሉ። ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ካልተቻለም በካርዱ ላይ አንድ ደረጃ ወደ አፈርነት ያደላውን ጎረቤቱን ምረጡ። አንዳንድ ካርድ ጀርባው ላይ ለውጭ እንደማይመከር ተጽፎበታል፤ ገልብጣችሁ አንብቡት። ሰማያዊና አረንጓዴ ለሚወድ ሰው ፕታሎ የሚባሉት ጥሩ ጽናት ስላላቸው ያን ያህል አያሰጉም።

በጣም ጥልቅ ቀለም ከመረጣችሁ መነሻው ነጭ ሳይሆን ጥርት ያለው ቤዝ ይሆናል። በእሱ ውስጥ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ሸፋኝ ነጭ ዱቄት ትንሽ ነው፤ የሚጨመረው ማቅለሚያ ግን ብዙ ነው። ሽፋኑ ይለሰልሳል፣ የእጅ ጭረት ያሳያል፣ የነጣው ቦታም ጎልቶ ይታያል። ጥልቁን ቀለም ጥላ ላለው የፊት በር አድርጉት።

ካርዱ ጀርባ ላይ ኤል አር ቪ የሚል ቁጥርም አለ። ግድግዳው ከሚያርፍበት ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚመልስ ይናገራል፤ ዜሮ ሁሉን የሚውጥ ጥቁር፣ 100 ሁሉን የሚመልስ ነጭ ነው። እኔ ለምዕራብና ለደቡብ ግድግዳ ከ40 በታች አልሰጥም። ከ80 በላይ የሆነው ደግሞ ቀትር ላይ ዐይን ያጭበረብራል፤ ጎረቤትም ያስቸግራል። መስኮት ዙሪያ ወጣ ብለው የተሠሩት ጌጦች አብዛኞቹ ውስጣቸው ፎም ስለሆነ ለእነሱ የበለጠ ተጠንቀቁ። ጥቁር ቡናማ ቀለም በበጋ ፀሐይ ፎሙን እስኪያለሰልስ ሊያግለው ይችላል፤ ጠርዙ ይጣመማል፣ ጥጉ ይሰነጠቃል።

ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት የመንደሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። አብዛኞቹ መንደሮች ለግድግዳ፣ ለጠርዝና ለበር የተፈቀዱ ቀለሞችን በቁጥር ዘርዝረዋል። ከተዘረዘሩት ውስጥ ቀመሩ የተሻለውን እኛ ጋ መጥታችሁ ማስፈተሽ ትችላላችሁ። ከዚያ ትንሽ ናሙና አስበጥብጡና ሁለት ጫማ በሁለት ጫማ በሆነ ሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ ቀቡት። በምዕራቡ ግድግዳ አስደግፋችሁ ማለዳ፣ ቀትርና ማታ እዩት። በበረሃ ብርሃን ቀለም ከካርዱ ፈክቶ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ አንድ ደረጃ ጠቆር ያለው የፈለጋችሁትን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሰሌዳውን ከጣሪያው ሸክላና ከግቢው ጠጠር አጠገብ ማየትም አይቅር፤ እነዚያን አትቀይሯቸውም።

መጠኑና ጊዜው

ጣሳው ላይ አንድ ጋሎን እስከ 400 ካሬ ጫማ ይሸፍናል ይላል፤ ያ ለልሙጥ ግድግዳ ነው። ሸካራ ልስን ላይ 200 ብላችሁ አስቡ። ለምሳሌ 50 ጫማ በ40 ጫማ የሆነ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ዙሪያው 180 ጫማ ነው፤ በ10 ጫማ ቁመት ሲባዛ 1,800 ካሬ ጫማ ይሆናል። ለመስኮት፣ ለበርና ለጋራዥ 300 ሲቀነስ 1,500 ይቀራል። ለአንድ ዙር ሰባት ጋሎን ተኩል፣ ለሁለት ዙር 15 ጋሎን፣ ማለትም ባለ አምስት ጋሎኑ ሦስት ባልዲ። ሁሉንም በአንድ ቀን አስበጥብጡና ከመቀባታችሁ በፊት በትልቅ ዕቃ አዋሕዱት፤ በባልዲና በባልዲ መካከል ትንሽ ልዩነት አይጠፋም።

ጥሩው ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር፣ እንዲሁም መጋቢትና ሚያዝያ ነው፤ የፀደዩ ነፋስ የማይነፍስበትን ቀን መርጣችሁ። ብዙዎቹ ቀለሞች ከ50 እስከ 90 ዲግሪ ፋራናይት ባለው ሙቀት እንዲቀቡ ጣሳቸው ላይ ይጻፋል፤ የሚቆጠረው የአየሩ ብቻ ሳይሆን የግድግዳው ሙቀት ጭምር ነው። መዳፋችሁን አሳርፋችሁ ማቆየት ካቃታችሁ አይቀባም። በጋለ ግድግዳ ላይ ውኃው ቶሎ ይተንና የአጣባቂው ቅንጣቶች እርስ በርስ ሳይዋሓዱ ይደርቃሉ፤ ሽፋኑ ከመነሻው ደካማ ይሆናል፣ የሮለሩ መጋጠሚያም መስመር ሠርቶ ይቀራል። ጥላን ተከተሉ፤ ማለዳ ምዕራቡን፣ ከሰዓት በኋላ ምሥራቁን።

በመርጫ ማሽን ብቻ የተቀባ ሸካራ ልስን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት በየጉድጓዱ ቀለም ያልደረሰበት ቀዳዳ አለው። ውኃና ፀሐይ የሚገቡት በዚያ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲረጭ ሌላው ወዲያው ከኋላ ጸጉረ ረጅም በሆነ ሮለር መጫን አለበት። ይህን በውሉ ላይ አስጽፉ። የሁለት ዙር ቀለም፣ የፕራይመሩን ስም፣ የቀለሙን ሙሉ ስምም እንዲሁ። ኔቫዳ ውስጥ ከ1,000 ዶላር ጀምሮ ያለ የቅብ ሥራ ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ይጠይቃል፤ ቁጥሩን በክፍለ ሀገሩ የተቋራጮች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ማየት ይቻላል። ወንድም እኅት የሆነ የሀገር ልጅም ቢሆን ቁጥሩን ጠይቁት፤ ጥሩ ሠራተኛ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ሥራው ሲያልቅ የክዳኑን ወረቀት ፎቶ አንሡ። የተረፈውን ቀለም ጋራዥ ውስጥ አታስቀምጡ፤ የበጋው ሙቀት ያበላሸዋል። በትንሽ ጣሳ ገልብጣችሁ፣ ክዳኑን በደንብ ገጥማችሁ፣ የትኛው ግድግዳና መቼ እንደሆነ ጽፋችሁ ቤት ውስጥ ልብስ ማስቀመጫው ሥር አስገቡት። የተጎዳ ቦታ ለማደስ ስትፈልጉ ሙሉውን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ቀቡ፤ መሃል ላይ የተለጠፈ ጥገና ከሩቅ ይታያል።